መዝገቡን የሸፈነው መጋረጃ

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ እትዬ ፋይል ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ከወረቀት ጋር ስለኖረች፣ "ባሏ ቢጠፋ እንኳ በፊደል ተራ ነው የምትፈልገው" እያሉ ይቀልዱባታል። አምና ግን ሦስት መሥሪያ ቤቶች ሲጠቃለሉ የሁሉም የቤት ይዞታ ፋይል እሷ ጋ ተራገፈ። መደርደሪያው ሞልቶ የተረፈው ወለሉ ላይ ተቆለለ። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ተንበርክካ ትፈልጋለች፤ ካጣችው ስድቧን ጠጥታ ወደ ቤቷ ትገባለች።

አንድ ቀን ከጎረቤት ከተማ ማዘጋጃ ቤት አንዲት የመዝገብ ሠራተኛ ለሦስት ቀን ልምድ ልታካፍል እንደምትመጣ ተሰማ። እትዬ ፋይል እፎይ አለች። ኃላፊዋ ግን ደነገጠ።

"ይህን ጉድ አይታ አገር ላገር ልታወራብን ነው?" አለና ወፍራም መጋረጃ አሰፍቶ ቁልሉን ጋረደው። "ከጠየቀችሽ ግድግዳው ቀለም እየተቀባ ነው በያት።"

እንግዳዋ ድንክዬ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ንጹሑን መደርደሪያ እያሳዩ ሻይ አጠጧት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እንግዳዋ ቦርሳዋን ስታነሳ እትዬ ፋይል ወደ መጋረጃው ተጠጋች። ይቺ ሴት ከሄደች ቁልሉን ይዛ ጡረታ መውጣቷ ነው። እንዳታሳያት ደግሞ ኃላፊው ሊሸኝ በሩ ላይ ቆሟል።

"እህቴ፣ ቀለም የሚባል ነገር የለም" አለችና መጋረጃውን ገለጠችው።

ኃላፊው ሳል ያዘው።

እንግዳዋ አንዴ ቁልሉን፣ አንዴ ኃላፊውን አየችና በሳቅ ፈነዳች። "እኛ እኮ የደበቅነው ሽንት ቤት ውስጥ ነበር! ሊያስተምረን የመጣው ሰውዬ መጸዳጃው የት ነው ባለ ቁጥር ተበላሽቷል እያልን አሰቃየነው!"

ኃላፊው ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

"አንቺዬ፣ እኔ በአውቶቡስ አራት ሰዓት የተንገላታሁት ንጹሕ መደርደሪያ ለማየት ነው እንዴ?" ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። "በባለቤቱ ስም አትደርድሪው። ሰው ይሸጣል፣ ያወርሳል፤ ቤቱ ግን የትም አይሄድ። በሰፈር ለዪው፣ ከዚያ በቤት ቁጥር።"

"አውቶቡሱ አያመልጥሽም?" አለ ኃላፊው።

"ያምልጠኝ! የነገው ምን ሆነና?"

ኃላፊው ኮቱን አውልቆ አንድ እስር ፋይል አነሳ። "ይሄ የየት ሰፈር ነው?"

"አቧራውን አራግፈው ያንብቡት እንጂ፣ ጌታዬ" አለችው እትዬ ፋይል፤ ከዚያ በፈገግታ ሦስት ወንበር ገፍታ ቦታ አሰፋች።