የመርከቡ ራትና የፈለቀ ትከሻ

አብዱልፈታሕን ቀናተኛ ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሂርማታ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሚስቱ ላይ የሚቀና ወንድ ሞልቷል፤ እሱ የሚቀናው ደንበኛው ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኮት የሰፋ ሰው ነው፤ ሠርግ ሲጠራ ሙሽራዋን ከማየቱ በፊት የወንዶቹን ጀርባ ያያል። የራሱን ስፌት ካየ ምግቡ ይጣፍጠዋል። የድሮ ደንበኛው ሌላ ሰው የሰፋውን ለብሶ ካየ ግን ያን ቀን ጥብስም አይዋጥለትም። አንዴ አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በሌላ ሰፊ ሱሪ በበረንዳችን ሲያልፍ ሰላም ቢለው ሳይመልስለት ቀረ። ምነው ስለው፣ "የማላውቀው ሱሪ ነው ሰላም ያለኝ" አለ።

እኔ ብርሃንነሽ ነኝ። እዚያው በረንዳ ላይ ከአጠገቡ ቁልፍ፣ ክር፣ ዚፕና የትከሻ ስፖንጅ ስሸጥ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ሰው ሲለካ ሁለት እጁ ሜትሩ ላይ ስለሆነ የልኬት ደብተሩን የምጽፍለት እኔ ነኝ። እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። "ደረት መቶ ሁለት! ወገብ ዘጠና አራት!" ድምፁ ባጃጅ ተራው ድረስ ይሰማል። የቦርጫም ሰው ወገብ እንኳን አይደብቅም። አንድ ሰው ላይ ብቻ ድምፁ ይጠፋል። ፈለቀን ሲለካ፣ ትከሻው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ዞሮ ወደኔ መጥቶ እርሳሱን ከእጄ ይወስድና ቁጥሩን ራሱ ይጽፋል። ከዚያ ሦስት ስፖንጅ ከኔ ይገዛል። ስፖንጅ የሚሸጠው በጥንድ ነው፤ ሰው ያለውም ሁለት ትከሻ ነው። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ፈለቀ የሰርቦ ሰው ነው። አሁን የራሱ የቡና መፈልፈያ አለው፤ በጎረምሳነቱ ግን በሰው መጋዘን የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ሁልጊዜ የሚሸከመው በግራው ነበርና ግራ ትከሻው በዚያው ዝቅ ብሎ ቀረ። እሱ ይህን አያውቅም። ሰው የገዛ ጀርባውን የት ያየዋል? የመጀመሪያ ሱፉን ለሠርጉ ያሰፋው አብዱልፈታሕ ዘንድ ነው፤ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት። "ሊያገባ አራት ቀን የቀረው ልጅ ነው፤ ትከሻህ ዘሟል ልበለው?" አለኝ አብዱልፈታሕ አንድ ቀን፣ ስለ ሦስተኛው ስፖንጅ አላስቀምጥ ስለው። ሳይነግረው ግራውን ሞላለት። ከዚያ ወዲህ ፈለቀ ለሽምግልናም፣ ለልጁ ምርቃትም፣ ለለቅሶም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ፈለቀ ስልኩን ይዞ በረንዳችን መጣ። ዱባይ ሆቴል የምትሠራው ልጁ ጽዮናዊት፣ ስልሳ ዓመት ሲሞላው አራት ቀን ባህር ላይ በሚንሸራሸር የመዝናኛ መርከብ ልታሳፍረው ነው። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። ሁለት ወንድ ልጅ አሳድጌ፣ እዚሁ አጠገባችን እስካለችው ሰቃ እንኳን ንፋስ ላስመታሽ ያለኝ የለም።

መርከቡ ሕግ አለው። ጽዮናዊት በአማርኛ ጽፋ ልካለታለች፤ ፈለቀ መነጽሩን አድርጎ አነበበልን። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቀን ወንዶች ለራት ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ሱፍ ከነክራባቱ ይለብሳሉ። በቀሩት ቀናት ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ይበቃል። ቁምጣና ነጠላ ጫማ የራት አዳራሹ ውስጥ አይገባም። ይህን ያላሟላ ወንድ ፎቅ ላይ ወጥቶ ራሱ እያነሳ ይበላል።

"ራት ለመብላት ክራባት?" አልኩ። "ሾርባው ቢንጠባጠብበትስ?"

"ዝም በይ አንቺ!" አለኝ አብዱልፈታሕ። "ልክ ናቸው። ሰው ገበታውን አክብሮ ነው መልበስ ያለበት። እኛስ ሽምግልና ስንሄድ በቁምጣ ነው የምንሄደው? ሜ፣ ፈለቀ፣ እስቲ ድገመው።"

ሦስት ጊዜ አስነበበው። ፈለቀ እንደሄደ ከስፌት መኪናው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተና ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ አወጣ። አውቀዋለሁ ያን ጨርቅ። ብል እንዳይበላው ክረምት በወጣ ቁጥር ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ስንት ሰው ጠይቆት "የተያዘ ነው" እያለ መልሷል።

"ብርሃኔ፣" አለኝ ጨርቁን እየዳሰሰ፣ "እኔ ባህር አላየሁም፤ ከእንግዲህም አላይም። ስፌቴ ግን ይየው። ከነዚያ ሰዎች ጋር አንድ ገበታ ይቀመጥ።"

ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ፈለቀ እንዲመጣና እንዲለካ ጠበቀ። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። እኔ እንኳን ቁልፎቹን መርጬ ለብቻ አስቀምጬ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ኢሕሳን የሚባል ወጣት ቡቲክ አለው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ጥፋቱ ቱርክ አገር የተሰፋ ሱፍ ማስመጣቱና ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወት ማቆሙ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ፈለቀ ከዚያ ቡቲክ ሲወጣ አየነው። በላስቲክ የተሸፈነ ሱፍ በክንዱ ላይ አድርጎ መንገዱን ተሻግሮ ወደኛ መጣ።

"አብዱልፈታሕ፣ ልጄ ጊዜ የለህም፣ ያለቀለትን ግዛ ብላኝ ነው። ሱሪው ብቻ ረዝሞብኛል። እግሩን አሳጥርልኝና ኮቱንም እግረ መንገድህን ተኩስልኝ።"

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋለትን ሰው፣ የሱሪ እግር አሳጥርልኝ ይበለው! የአብዱልፈታሕ ፊት ምንም አልሆነም፤ ጆሮው ግን ቀላ።

"እስቲ ልበሰው" አለ።

ፈለቀ ለበሰው። ፊት ለፊት ሲያዩት ያምራል። ከኋላ ግን የግራው ትከሻ ተጨማዶ ወደ ታች ተንሸራቷል፣ ኮሌታው ከአንገቱ ርቋል፣ የኮቱ ጫፍ በግራ በኩል ሁለት ጣት ወርዷል። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ።

"ኢሕሳን ‹ጋሽ ፈለቀ፣ ወላሂ በልክዎ የተሰፋ ነው የሚመስለው› አለኝ" አለ ፈለቀ ደረቱን ነፍቶ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"ማሻ አላህ፣" አለ አብዱልፈታሕ። "እንከን አይወጣለትም።"

ፈለቀ ዓርብ ጠዋት መጥቶ ሊወስድ፣ ሱፉን ትቶ ደስ ብሎት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳፍራል። አብዱልፈታሕ መሳቅ ጀመረ። "ይሂድ! ይዩት! መርከቡ በግራ በኩል የሰመጠ ይመስላቸዋል!" ይላል። ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

"ንገረው" አልኩት። "ወይ አስተካክልለት።"

"የኢሕሳንን ኮት? እኔ የኢሕሳን ቅጥረኛ ነኝ? ዲሲ፣ ተይኝ ባክሽ!"

"አጠገቡ የምትቀመጠው ልጁ ናት። ሰው ሲጠቋቆምበት የምታፍረው እሷ ናት።"

ሱሪውን አሳጠረ፣ ተኮሰ፣ አጠፈ። ኮቱን ግን ምስማር ላይ ሰቅሎ ጀርባውን ሰጠው። ጣውንት እንደመጣባት ሴት በጎን ያየዋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያየዋል። ረቡዕም ሐሙስም እንዲሁ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት፣ ፈለቀ ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው፣ ብድግ ብሎ ኮቱን አወረደና የግራውን ገበር በምላጭ ፈታው። ሳያየኝ እጁን ዘረጋ።

"አንድ ስፖንጅ።"

"በጥንድ ነው የምሸጠው።"

"የተረፈችውን ጉረሺያት!"

ሰጠሁት። "አዘንክለት አይደል?" አልኩ ደስ ብሎኝ።

"ማን አዘነለት!" ብሎ ጮኸብኝ። "ያ ትከሻ የኔ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሸግኩትን ትከሻ የፋብሪካ ኮት ይገልጠዋል? እንኳን መርከብ ላይ፣ ሰርቦ ገበያም አይታይም!"

እንዲህ ነው ሰውየው። ደግ ነገር የሚሠራው እንኳን ቀንቶ ነው። ስፖንጇን በመኪና ሳይሆን በእጁ፣ በቀጭን መርፌ ሰፍቶ ገበሩን ዘጋ። ፈለቀ መጥቶ ወሰደ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶው በስልኬ መጣ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ ባህር፣ ጽዮናዊት በረጅም ቀሚስ፣ ከአጠገቧ ፈለቀ በቀይ ክራባት ቆሞ። ትከሻው በውሃ ልክ የተለካ ይመስላል። አብዱልፈታሕ ስልኬን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ እያጎላ ትከሻውን ብቻ አየ። ባህሩን ዞር ብሎም አላየው።

"ኮቱ ልክ ተቀምጧል" አለ። ያን ቀን ሻይ ጋበዘኝ።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ኢሕሳን ፈለቀን በስልክ አስፈቅዶ ፎቶውን የበሩን ግማሽ በሚያህል ወረቀት አሳትሞ ሰቀለው። ሰው ጎረፈ። ከሰርቦና ከሰቃ ሳይቀር "ያን የመርከቡን ሱፍ" እያለ ይመጣል። አብዱልፈታሕ ከመኪናው ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው የራሱን እጅ ሥራ በሰው በር ላይ ነው። ሰው በገዛ ስፌቱ ሲቀና ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በመጨረሻ መኪናውን አዙሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ መስፋት ጀመረ። እዚያ ብርሃን የለም፣ ዓይንህን ታጠፋለህ ብለው አይሰማም።

ፈለቀ ዱባይ ልጁ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ ቸኮሌት ይዞልን መጣ። አስተናጋጁ ወንበር እንደሳበለት፣ በሦስተኛው ቀን ክራባት ያላሰሩ ሁለት ሰዎች ከበር ሲመለሱ እንዳየ አወራን። ከዚያ የአብዱልፈታሕን ጉልበት መታ አደረገ።

"አትቀየመኝ፤ እውነቱን ልንገርህ። በዕድሜዬ እንደዚህ የተቀመጠልኝ ኮት የለም። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ አቋቋሜን አይቶ ወታደር ነበርክ ወይ ብሎ አስጠየቀኝ።"

አፌን ከፈትኩ። አብዱልፈታሕ አየኝ፤ አስተያየቱን አይቼ መልሼ ዘጋሁት።

"ኤዬ፣" አለ፣ "ቱርኮች ያውቁበታል።" ቸኮሌቱን አልቀመሰም።

ከፋሲካ በኋላ የፈለቀ ሚስት ወንድም መሳይ፣ ሰቃ ልጅ ለመጠየቅ ለሽምግልና ሊሄድ ያን ሱፍ ተዋሰ። የመሳይ ትከሻ ደህና ነው። ደህና በመሆኑም ግራው ወደ ላይ ተነሣበትና የልጅቷ አባት "ልጄ፣ ትከሻህ ላይ ምን ተሸክመህ መጣህ?" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ፈለቀ ተናዶ ኮቱን ኢሕሳን ጋ ወሰደው። የሆነውን ኋላ ኢሕሳን ራሱ ነግሮኛል። ገበሩን ቢከፍተው ተጨማሪ ስፖንጅ አገኘ። "ጋሽ ፈለቀ፣ ይሄ የፋብሪካ አይደለም፤ በእጅ የተሰፋ ነው። የማን እጅ እንደሆነ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ" አለው። ፈለቀ ስፖንጇ የወጣችበትን ኮት ለበሰ። ኢሕሳን ሌላ መስታወት ከኋላው ያዘለት። ፈለቀ በስልሳ ዓመቱ ጀርባውን አየ።

መንገዱን ሲሻገር አየሁት። በሸሚዝ ነው፤ ስፖንጇን በእጁ ጨብጧል። አብዱልፈታሕ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ እየሰፋ ነበር። ፈለቀ ስፖንጇን መኪናው ላይ አስቀመጣት። መኪናው ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሠርግህ።"

"ሁሉም ኮት?"

"ሁሉም።"

ፈለቀ ወደኔ ዞረ። "አንቺም ታውቂያለሽ?"

"እኔ ስፖንጅ ነው የምሸጠው" አልኩ።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ፊትህ ላይ የቱርኩን ኮት…" አለና አልጨረሰውም። "እንዴት ዝም ትለኛለህ?"

"ምን ልበልህ? የኔ ሥራ ነው ብልህ፣ ምኑ ነው ያንተ ትለኛለህ። ከዚያስ ትከሻህ ዘሟል ልበልህ?"

ፈለቀ ከበርጩማው ተነሣና "ጨርቅ አለህ?" አለው።

ቀደምኩት። "አለው! ሰማያዊ! ከጥር ጀምሮ ለአንተ የተቀመጠ!"

"አንቺ ምላስሽ ይቆረጥ!" አለኝ አብዱልፈታሕ፤ ግን ጨርቁን ከመደርደሪያው እያወረደ ነበር።

ፈለቀ በረንዳው መሀል ቆሞ እጆቹን ወደ ታች ለቀቀ። ደብተሩን አነሳሁ።

"ደረት መቶ ስድስት! ወገብ መቶ አንድ! እጅጌ ስልሳ ሁለት!"

ትከሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። እንደ ልማዱ ዞሮ ወደኔ መጣና እርሳሱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

"እዚሁ ሆነህ ጥራው" አለ ፈለቀ ሳይዞር።

"ሰው ይሰማል እኮ።"

"ይስማ። ጆንያ ነው ያወረደው፤ ሰርቄ አይደለም።"

አብዱልፈታሕ ተመለሰ። ሜትሩን ትከሻው ላይ እንደገና ዘረጋ።

"ግራ ትከሻ፣ ሁለት ተኩል ዝቅ!"

ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ባጃጅ ተራው ድረስ ግን ደረሰ። ማዶ ኢሕሳን በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ጻፍኩት። አብዱልፈታሕ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ማዶ አየ።

"ያ ፎቶ ግን፣" አለ፣ "ዛሬውኑ ይውረድ።"