የጽጌን ድርሻ የበላሁበት ሁዳዴ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም። የንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ከነዝርዝሩ ሲያውቁ ይህችን ብቻ አያውቋትም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ዘንድሮስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ፋሲካ ይደርሳል፣ እኔም ዶሮዬን በልቼ ዝም እላለሁ። እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቡልጋሪያ ከተላኩት አንዷ ነበርኩ። ያደግኩት ልደታ ማርያም ጀርባ ነው። አብራኝ የተላከችው ጽጌ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነው የተማርነው። በአንድ ዓመት እበልጣታለሁ። ልንሄድ ስንል እናቷ እማማ አስካለ እጄን ይዘው፣ "ታላቅ አንቺ ነሽ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው፤ ልጄን አደራ" አሉኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው "አይስጉ እማማ" አልኳቸው። ከዚያ በፊት እኔ ራሴ ከእናቴ ቤት ውጭ አድሬ አላውቅም ነበር።

ሶፊያ በገባን በሳምንቱ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ታወቀ። እዚያ አገር ራስን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ እምቢ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የተማሪ ምግብ ቤቷ አሮጊት ጭልፋዋን ይዛ "ላውጣልሽ?" ባለችኝ ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሷም ጭልፋዋን ትመልሳለች። ሦስት ቀን በደረቅ ዳቦ ከረምኩ። ነገሩን የደረሰችበት ጽጌ ናት፤ አልጋዋ ላይ እየተንከባለለች ሳቀችብኝና በማግስቱ ከአሮጊቷ ጋር አስታረቀችኝ። ቋንቋውንም ከእኔ ቀድማ ያዘች። አሮጊቷ "ልጄ" ትላት ጀመር።

እኔ ግን አገሬ ናፈቀኝ። ብርዱ፣ ጨለማው፣ የማላውቀው የሰው ፊት አንገሸገሸኝና በየማታው አለቅስ ነበር። ያኔ ጽጌ አልጋዬ ጫፍ ትቀመጥና ከጠመንጃ ያዥ ተነስተን ልደታ ማርያም በር ድረስ በወሬ ትወስደኛለች። ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ታልፋለች፣ እግሩን ዘርግቶ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ ታልፋለች፣ ሰው የሚያባርር ውሻ ያለበት ግቢ ስንደርስ ቀስ ብለን እንድንሄድ ታስጠነቅቀኛለች። አንዳንድ ቀን በሩን ሳልሳለም እንቅልፍ ይወስደኛል። ዛሬ ያ መንገድ ፈርሶ ሌላ ሆኗል፤ እኔ ግን አሁንም በእሷ ድምፅ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለችዋን ልጅ ነው እንግዲህ የበደልኳት።

ሁዳዴ ገባ። በመንግሥት ወጪ ተልኮ መጾም በዚያን ጊዜ ኋላ ቀርነት ነበር፤ ከዚያም ሊብስ ይችላል። እኔ ጾም የተውኩት ገና ስንመጣ አውሮፕላን ላይ ነው፤ የተሳፈርነው ዓርብ ነበር። ጽጌ ግን ጾመች። ከሌሎቹ ያገራችን ልጆች ጋር አንድ ገበታ ስለምንቀመጥ ሥጋው ሳህኗ ላይ ቢቀር ይነቃባታል። ስለዚህ እኔ የራሴን ቶሎ እጨርስና ሳህን እንለዋወጣለን። እሷ በባቄላ ሾርባና በዳቦ ዋለች፤ እኔ ሥጋዋን በላሁ፣ እንቁላሏን በላሁ፣ እርጎዋን ጠጣሁ። አደራ በላ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የዚያን ጊዜ ፎቶዬን ይይ። ጉንጬ ሞልቷል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የፖለቲካ ውይይት ነበረን፤ ከውይይቱ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ይቀጥላል። እኔ ሲኒማ እየሄድኩ ሁለት ጊዜ ቀርቼ ነበር። ሊቀመንበራችን፣ ከእኛ በፊት የሄደ ነባር ተማሪ፣ ደረጃው ላይ ጠርቶ ገሠጸኝ። መዘናጋት አብዝተሻል፣ የተዘናጉ ሰዎች ስም ወደ በላይ አካል ይላካል አለኝ። ይኸው ነው። ስለ ጽጌ አልጠየቀኝም፤ ስሟንም አላነሳም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

"የእኔን ታያለህ እንጂ፣ ጽጌ እኮ ሁዳዴ እየጾመች ነው" አልኩት።

ለምን አልኩ? ፈርቼ ነው ብል ይቀለኛል፤ በዚያ ጊዜ ያልፈራ ማን አለ? ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እኔ በየማታው ሳለቅስ እሷ አለማልቀሷ ያበግነኝ ነበር። የሰው አገር ለእኔ ሲጠበኝ ለእሷ ስለሰፋት ቀናሁ። አንድ ቀን እንኳ እሷም ታልቅስ ብዬ ተመኝቻለሁ። ከንፈሬ ላይ የሥጋዋ ቅባት ሳይደርቅ ተናገርኩባት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ማን እንደነገረው ሳይናገር ጽጌን አስነሳት። ትክዳለች ብዬ ነበር፤ እንድትክድ በልቤ ለምኜ ነበር። እሷ ግን "አዎ፣ እጾማለሁ" አለች። ታዲያ ሥጋውን ማን ይበላልሻል ተባለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ጽጌ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

"ማንም አይበላልኝም፤ እደፋዋለሁ" አለች።

ይህ ነገሩን አከፋው። ከጾሙ ይልቅ ወንድም ሕዝብ የለገሰንን ምግብ መድፋቷ ትልቁ ወንጀል ሆነ። እኔ "በልቼዋለሁ" ብል ኖሮ ቢያንስ ይህ ይቀርላት ነበር። አላልኩም። ስሟ ወደ በላይ አካል ይላክ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል እጄን አወጣሁ። እናንተ፣ እጄን አወጣሁ!

ፋሲካ ሳያልፍ ትምህርቷ ተቋርጦ እንድትመለስ ተወሰነ። ሻንጣዋን ስናስር ለእናቷ እንዳልጽፍ፣ ራሷ እንደምትነግራቸው አስጠነቀቀችኝ። ማን ነገረ ብላም አልጠየቀችኝ፤ ገበታው ላይ ያየ ሰው ነው ብላ ገምታ ነበር። አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል አቅፋኝ፣ ራስሽን ስትነቀንቂ ተጠንቀቂ፣ እንዳትራቢ አለችኝ። ለግንቦት ልደታ ጠመንጃ ያዥ ገባች። እኔ በዚያ ቀን ሶፊያ ሆኜ መንገዱን በሐሳቤ ልሄደው ሞከርኩ፤ ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ማለፍ አቃተኝ።

ተምሬ፣ ፋርማሲስት ሆኜ ተመለስኩ። ጽጌ የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሰፋበት ቤት ተቀጥራ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው። ጣቷ በመርፌ ተበሳስቶ ነበር፤ በዚያው ጣቷ ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ። እማማ አስካለም አደራዬን ተወጣሽ ብለው መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ቆይታ አገባች፣ ሴት ልጅም ወለደች። ክርስትና የምታነሳላት እኔ እንድሆን ጠየቀችኝ። ሰበብ ፈለግኩ፤ ሥራ አለብኝ አልኩ፣ አሞኛል አልኩ። የቅርብ ዘመድ እያለ ለምን ባዳ ብለው ቅር ላላቸው ለባሏ ወገኖች ልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ፣ እኔ እየሰማሁ፣ እንዲህ አለቻቸው፦

"በሰው አገር ጾሜን የጠበቀችልኝ እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ማን ያንሳላት?"

ሕፃኗን ተቀበልኩ። ስለ እምነቷ በእግዚአብሔር ፊት እኔ ዋስ ሆኜ ቆምኩ፤ የእናቷን ጾም የሸጥኩት እኔ።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም? እንዳይከፋት ብዬ ነው እል ነበር፤ ውሸት ነው። የክርስትና ልጄ ስትመጣ "እማዬ" ትለኛለች፤ ይህ እንዳይቀርብኝ ነው። ያኔም የራሴን አተረፍኩ፣ ዛሬም የራሴን እያተረፍኩ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ እሷም ልጅ ነበረች። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ በዚያው ዘመን እሷ ለእኔ ዋሸች። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ከእናንተ ሳህን አልበላሁም። ይህን የጻፍኩበትን ወረቀት ወስዳ ለእናቷ እንድታነብላት ለክርስትና ልጄ እሰጣታለሁ፤ በአፌ ለመናገር ዛሬም ፈሪ ነኝ።

ጽጌ፣ ለሊቀመንበሩ የነገርኩት እኔ ነኝ።