የደምሴ ማልያ

ባለፈው እሑድ ዓባይ ማዶ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ በቴሌቪዥን ኳስ ሳይ፣ ተቀይሮ የሚወጣ ተጫዋች የሚተካውን ልጅ አቅፎት ወጣ። አጠገቤ ያሉት ጎረምሶች ስለ ግቡ ይከራከራሉ፤ እኔ የወጣው ልጅ የት እንደሚቀመጥ በዓይኔ ስከተል ሻዬ ቀዘቀዘ። ይህ ዓመሌ የቆየ ነው።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ለፋብሪካውም ቡድን ተጠባባቂ የቀኝ ተከላካይ ነበርሁ። ተጠባባቂነትን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ከሌሎቹ እኩል ትሮጣለህ፣ እኩል ያልብሃል፤ የጨዋታው ቀን ሲደርስ ግን አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ የሌላ ሰው እግር ታያለህ። ቦታውን የያዘው ደምሴ የሚባል የሰባታሚት ሰፈር ልጅ ነበር። ደግ ስለነበር ልጠላው እንኳ አልቻልሁም። ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ፣ "አንተ ሰውዬ፣ እኔ እስካረጅ ልትጠብቅ ነው?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቡድናችን ማልያ ያጥረው ነበር። ለተጠባባቂ የሚተርፍ ስለሌለ፣ የሚወጣው ሜዳው ዳር አውልቆ ለሚገባው ይሰጣል። የሰው ላብ የጠጣ ማልያ መልበስ ደስ አይልም፤ እኔ ግን እሱንም እናፍቅ ነበር።

ያን ዓመት የውትድርና አፈሳው ከተማውን አስጨንቆት ነበር። ወጣት ወንድ ገበያ መውጣት ትቷል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ዘመድ ቤት ያሸሻሉ። እኛ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ በዚያ ላይ ተጫዋቾች ስለሆንን የሚነካን አልመሰለንም።

ግንቦት ነበር፤ ሙቀቱ ያፍናል፣ ከሐይቁ ማዶ ደመናው ጠቁሯል። ከጎንደር ከመጣ ቡድን ጋር ስንጫወት፣ ከዕረፍት በኋላ የደምሴ ቁርጭምጭሚት ታጠፈ። እያነከሰ መጥቶ ማልያውን አውልቆ ሰጠኝ።

"በል ግባ። ያ የግራ ክንፋቸው ፈጣን ነው፤ ፊት እንዳትሰጠው" አለኝ።

ደስታዬን መደበቅ እያቃተኝ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ የተመልካቹ ድምፅ ጠፋ። ቀና ስል ከዘንባባዎቹ ሥር ሸራ የለበሱ ካሚዮኖች ቆመዋል፤ ወታደሮች ሜዳውን ከበውታል። ማንም አልሮጠም። ጨዋታው ቀጠለ። ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ አይነፋም፤ ደግሞ ያያል፣ አይነፋም። የጎንደር ልጆችም ገብቷቸው ኳሱን በቀስታ ይቀባበላሉ። ማግባት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ የወታደሮቹ አዛዥ ራሱ ሜዳ ገብቶ ኳሱን አነሣው።

"ማልያ የለበሰ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ" አለ።

ደምሴ በሸሚዙ ነበር። አሰልጣኛችን ጋሼ ይልማ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ አዛዡ ፊት ቆሙ።

"ጌታዬ፣ ይህም የእኔ ተጫዋች ነው። ተጎድቶ አሁን ነው የወጣ። መታወቂያውን ይዩት።"

"መታወቂያ ሁሉም አለው። ማልያው የታለ?"

ጋሼ ይልማ ወደ እኔ ላለመዞር አንገታቸው ሲታገል ይታየኝ ነበር።

"ይተውት ጋሼ" አለ ደምሴ። "ማልያው አሁን የሱ ነው።"

ማውለቅ ጀመርሁ። በላብ ተጣብቆብኝ እምቢ አለ። ፊቴ እንደተሸፈነ ስታገል የካሚዮኑ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ራሴን ሳወጣ ደምሴ ተጭኗል። ጋሼ ይልማ ክንዴን ጨምድደው፣ "ልበስ፣ ቶሎ ልበስ" አሉኝ በሹክሹክታ። መልሼ ለበስሁት።

ደምሴ አልተመለሰም። ሞተ ያለን ስለሌለም እናቱ ለቅሶ አልተቀመጡም። እኔ በቦታው ቋሚ ተሰላፊ ሆንሁ፤ ለዓመታት ተጫወትሁ። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ እናቱን ሜዳው ዳር ቆመው አየኋቸውና ልሳለማቸው ስጠጋ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

"ተው ልጄ፣ አትቅረበኝ። ከሩቅ ሳይህ እሱን ትመስለኛለህ።"

ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ከወዲያኛው ጥግ ሆኜ እጅ እነሣቸው ነበር። እሳቸውም ካለፉ ቆዩ። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ወገቤም ጎብጧል። ከየትኛውም ርቀት የሚያየኝ ሰው ደምሴ ነው ብሎ ሊሳሳት አይችልም፤ ከማርጀቴ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።