ትርፍ ቁልፍ

ሴትዮዋ ሃምሳን ያለፈች ትመስላለች። የኮቷን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ሸጉጣ፣ መሀል ከተማ የሚከራየውን ባለ አንድ መኝታ ቅንጡ አፓርታማ ደላላውን እየተከተለች ታያለች። ደላላው መጋረጃውን ገልጦ ከታች የሚርመሰመሰውን አደባባይ ቢያሳያት ዞር ብላም አላየችው። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ እጀታውን ደጋግማ ሳበችው፤ ስትወጣ ፊቷ ፈታ ብሏል።

«ወድጄዋለሁ። ቁልፎቹን ስጠኝ።»

«ትርፉ ቁልፍ አከራዩ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ እትዬ። ደንባቸው ነው።»

ደሟ ፈላ። «ይህን ሁሉ ኪራይ ከፍዬ፣ ሰው ባሻው ሰዓት ሊገባብኝ?»

«ኧረ በሞቴ! ማን ይገባብዎታል? ጋሼ እኮ ጨዋ ሰው ናቸው።»

«እኔንም ሲድሩኝ ጨዋ ነው ብለው ነበር።»

ደላላው ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። «ለክፉ ቀን ብለው ነው እንጂ፣ ለሌላ አይደለም።»

«የእኔ ክፉ ቀንማ» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ በሩን በራሱ ቁልፍ እየከፈተ ነው ሲገባብኝ የኖረው። ሁለቱንም አምጣ!»