ያላበው ደወል

ከጦር ሠራዊት ስሰናበት የሰጡኝ ወረቀት «ጠባዩ መልካም፣ ሥራውን የሚያውቅ» ይላል እንጂ ሥራው ምን እንደነበረ አይናገርም። ሰቆጣ ተመልሼ ሥራ ፍለጋ ጽሕፈት ቤት ስቀርብ ጸሐፊው ወረቀቱን ገለባብጦ አየና ምን እንደማውቅ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ሞኝ «መርዝ አውቃለሁ» አልኩት። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

መቼም አልዋሸሁትም። ዓመታት ሙሉ የሠራሁት ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የመርዝ ጋዝ ከየመጋዘኑና ከየገደሉ እየለቀምን መቅበር ነው። ፊታችንን በጎማ ጭንብል ሸፍነን፣ አፈር በትነን የነፋሱን አቅጣጫ እያየን፣ ጉድጓዱ ውስጥ ኖራ እየነሰነስን ነበር የምንሠራው። አንደኛው ዓይነት ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነበር፤ ሲነካ አያምምማ። አንድ ጓደኛዬ ጠዋት ክርኑን ነክቶት ምንም ሳይሰማው ምሳውን በላ፣ ሲቀልድም ዋለ። ከሰዓት በኋላ ክንዱ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ ክንድ አልሆነለትም።

እኔ አካሌ ሳይጎድል ተመለስኩ፤ ፍርሃቱን ግን ይዤው መጣሁ። ልጄን ከማቀፌ በፊት እጄን ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ሳሙና አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ንጹሕ ሰው አገባሁ ብላ ኮራች፤ ኋላ ግን ውሃ የምትቀዳው እሷ ስለሆነች ሰለቻት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ጸሐፊ አስጠራኝ። ለወባ ማጥፊያ፣ ወደ አበርገሌ ቆላ ወርዶ ቤት ለቤት ዲዲቲ የሚረጭ ቡድን የሚመራ ሰው ተፈልጓል። «መርዝ የማይፈራ ሰው አውቃለሁ ብያቸዋለሁ» አለኝ እየሳቀ። በአውራጃው ከእኔ የባሰ መርዝ ፈሪ እንዳልነበረ ማን ይንገረው? ሥራውን ግን ያዝኩ። የሲቪል ሥራ ነው፣ ሰው የሚድንበት እንጂ የሚሞትበት አይደለም፣ ያኛው ነገር አለቀ፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለት ረጪዎች ነበሩኝ። የቆላው ውሃ ጭቃ እየሆነ የመርጫውን አፍንጫ ስለሚደፍን ንጹሕ ውሃ በአቁማዳ ሞልተን በአህያ እንጭናለን። ሰው ዕቃውን ወደ ውጭ ያወጣል፣ እኛ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ እንረጫለን። ብዙው ሰው በሩን የሚከፍትልን በግድ ነበር። ከኒሯቅ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አንድ መንደር ግን ሽማግሌው ካህን ከሁሉ አስቀድመው የራሳቸውን ቤት አስረጩ፤ ከዚያ ወዲያ መንደሩ በሙሉ ተከተላቸው። ሰውን የሚያዝዙት ነገሩን በራሳቸው ጀምረው ነው።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ዙር ላይ ሥራችንን ስንጨርስ ካህኑ አዲሱን ደወል ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። በእኛ አገር የጣሊያን ቦምብ ቀፎ ለደወል መስቀል እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቂጡ ተቆርጦ ዛፍ ላይ ይሰቀልና በብረት ይመታል። ይሄን ግን እረኞች ከተከዜ ዳር አሸዋ ውስጥ አግኝተውት እንዳለ ነው የሰቀሉት። ቂጡ ድፍን ነው። ካህኑ በድንጋይ ሲመቱት እንደ ሞላ ጎተራ ድው አለ።

ያን ጊዜ ሆዴ አወቀ። ባዶ ብረት እንደዚያ አይጮህም። ቀለሙን ዝገት በልቶት ምልክቱ አይነበብም፤ እኔም አይነበብም ብዬ ተደሰትኩ። ብናገር አውርደው ይሉኛል። ጭንብል የለኝም፣ ኖራ የለኝም፣ ከሁሉም በላይ ያን ዕቃ ዳግመኛ መንካት አልቻልኩም። አሸዋ ገብቶበት ይሆናል አልኩ ለራሴ። ካህኑ ድምፁ እንዴት ነው ሲሉኝ «ደግ ነው አባ» ብዬ አህዮቼን ነድቼ ወደ ደጋ ወጣሁ።

በሚያዝያ ለሁለተኛው ዙር ስንወርድ ቆላው ነዶ ጠበቀን። መንደሩ የደረስነው እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው። ደወሉ ካለበት የቁርቁራ ዛፍ አጠገብ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ሴት አህዮቹን ሳናራግፍ የምሥራቹን ነገረችን፤ ደወሉ አልቦታል። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ከመጋጠሚያው ቡናማ ቅባት ያወጣል። ካህኑ በእንጨት ጫፍ በጠመጠሙት ጥጥ እየሰበሰቡ በዋንጫ አጠራቅመውታል፤ ዛሬ ሕሙማን ሊቀቡበት ነው። ሴትዮዋ ይህን ከመጨረሷ በፊት ሽታው ደርሶኝ ነበር።

በብርድ ረግቶ የሚተኛው ነገር ሙቀት ሲያገኝ እንደሚፈስ በዚያ አገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰውን በትከሻዬ እየገፋሁ ገባሁ። ካህኑ ዋንጫውን ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው ዓይኗ የሚመግል ሕፃን የታቀፈች እናት ተንበርክካለች። የሕፃኗ ግንባር ላይ በቅባቱ መስቀል ተሠርቶበታል፤ ካህኑ ለዓይኗ ቆብ ጥጡን እንደገና እየነከሩ ነው።

«አባ፣ ይተዉት፤ መርዝ ነው» አልኳቸው።

እንደ ልጅ አዩኝና ፈገግ አሉ። «ሳልሞክረው ለሕፃን የምሰጥ ይመስልሃል? አሁን ከቅዳሴ እንደወጣሁ በራሴ ዓይን ጀምሬያለሁ። ይኸው አየሃለሁ፣ ምንም አልሆንኩ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ምንም አለመሆናቸው ማስረጃ እንዳልሆነ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ሕፃኗን ከእናቷ እጅ ነጥቄ ወደ አህዮቹ ሮጥኩ፤ ግንባሯን በደረቅ አፈር አብሼ፣ አቁማዳውን ፈትቼ፣ በሳሙና ደጋግሜ አጠብኳት። እናትየው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ «ልጄን!» እያለች አለቀሰች። አንድ ሰው ትከሻዬን በዱላ አለኝ፣ ሌላው አንገቴን ያዘ። ረጪዎቼ ፀሐይ አናቴን የመታኝ መስሏቸው ዳር ቆመው ያዩኛል። ቅዱስ ቅባት የሚያጥብ ሰው ምን ሊደረግ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጄ ማጠቡን አልተወም።

ካህኑ ልቀቁት አሉ። እኔም፣ አሁን አያምዎትም፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ግን ያምዎታል፣ ስለ እግዚአብሔር ይታጠቡ ብዬ ለመንኳቸው። ካላመመዎት ዋንጫውን በሙሉ እኔ ላይ ያፍስሱት አልኳቸው።

ዋንጫውን ድንጋይ ላይ አኖሩት። «ሕፃኗን ማጠብህ መልካም። ሌላው ሰው እስከዚያ ይቆይ» አሉ። «እኔ ግን አልታጠብም። እኔ ከታጠብኩ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይላል?»

እንዲህ ሆነና ሁላችንም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ባለ ጥላ ሥር ተቀምጠን የአንድ ሽማግሌ ዓይን መጠበቅ ያዝን። እየደጋገምኩ ይታጠቡ አልኳቸው፤ እየደጋገሙ እምቢ አሉ። አንዱን ፍርሃት ሌላው ያባርረው ነበር። ይታወራሉ ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ ምንም ካልሆኑ ዋንጫው ይነሳል፣ መንደሩ በሙሉ ይቀባል ብዬ እፈራለሁ። በልቤ ቶሎ ይታመሙ ብዬ መጸለዬን አልደብቅም።

ጥላው እግራችንን ሲያልፍ ካህኑ የግራ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ አሹ። ትንሽ ቆይተው ቀኙን አሹ። ከዚያ ጭስ የሚያነድድ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ማንም አላነደደም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ሲሸሹ እኔ ውሃ ይዤ ወደ እሳቸው ሮጥኩ፤ ግን ገና ፀሐይ እያለች ለእሳቸው መሽቶባቸው ነበር። የዓይናቸው ቆብ አብጦ ተጋጠመ።

ደወሉን በማግስቱ ጠዋት፣ ቅዝቃዜው ሳይለቅ፣ ብቻዬን አወረድኩት። አፌን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እጄን በሁለት የዱቄት ከረጢት ሸፍኜ፣ በገመድ ወደ ጉድጓድ ጎተትኩት። ኖራ ስላልነበረ የመንደሩ ሰው ከየምድጃው አመድ አምጥቶ ከሩቅ ቆለለልኝ። ዋንጫውንና ጥጡንም አብሬ ቀበርኩ።

ካህኑ ወደ ሰቆጣ አልሄድም ስላሉ ለሦስት ሳምንት በየመንደሩ እየረጨሁ፣ በየሁለት ቀኑ እየተመለስኩ ዓይናቸውን በፈላ ጨው ውሃ፣ አብርጄ፣ አጠብኩላቸው። አንዱ ዓይን ብርሃን መለየት ጀመረ፤ ሌላው ቀረ። በመጨረሻው ቀን ጨርቁን ሳስርላቸው እጄን ያዙኝ።

«በታኅሣሥ ከሥሩ ቆመህ ነበር። ድምፁ ደግ ነው አልከኝ። ያን ጊዜ አውቀህ ነበር?»

ብዋሽ ማን ያውቅብኛል። «አውቄ ነበር አባ። ፈርቼ ነው።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢረግሙኝም ይሻለኝ ነበር።

«ለእግዚአብሔር ራስህ ንገረው» አሉ በመጨረሻ። «ለሰው ግን እንዳትናገር። ከሰሙ ለክረምቱ ርጭት በር አይከፍቱልህም፣ ወባው ይፈጃቸዋል። ያመሰግኑሃል፤ ምስጋናቸውን ተቀበል። ቅጣትህ ይሁን።»

ስወጣ የሕፃኗ እናት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ልጅቱ ድናለች፤ ግንባሯ ላይ ብቻ መስቀሉ እንደ ንቅሳት ጠቁሮ ቀርቷል። እናትየው ምልክቱን በኩራት አሳየችኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንተ ባትደርስ ልጄ ምን ይውጣት ነበር ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ሳመች። እኔም ዝም ብዬ ተሳምኩ።