የማዶው በር

ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሱት ባልዲ ሳይሆን ከዘራቸውን ነበር። ከተማው ዳር፣ አስኮ ካለው ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር የሌላ ከተማ አስተዳደር ነው፤ የእኛ ቧንቧ ሲንፎለፎል የእነሱ ደርቆ ይከርማል። ጋሼ ይሻገሩና እትዬ የምንላቸውን ጎረቤት የቆርቆሮ በር ይደበድባሉ።

«ውሃ መጥቷል፤ ጄሪካን ይዛችሁ ኑ!»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የራሳችን በርሜል ይሙላ እንጂ!» እላለሁ ተናድጄ።

«ጥም መታወቂያ አይጠይቅም፤ አንቺ ምን አስጠየቀሽ?»

በኋላ ሁለቱ አስተዳደሮች ተስማሙና ለሁለቱም ሰፈር አንድ የጋራ መስመር መዘርጋት ጀመሩ። ጋሼ በር ላይ ወንበር አውጥተው ቁፋሮውን ሲያዩ ይውሉ ነበር። «ይሄ ሁሉ አዲስ ቤት ነገ ይጠማል። እንኳን ተነጋገሩ» ይላሉ። ውሃው ሳይለቀቅ አረፉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ለማዶም ለእኛም እኩል ተለቀቀ። በርሜሉን እየሞላሁ ሳለ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደዘቀዘቁ ቆመዋል።

«ውሃ መጥቷል፣ ልጄ» አሉኝ።

የእኛም ቧንቧ ከኋላዬ ሲወርድ ይሰማቸዋል። ባዶ ባልዲ አነሳሁና ተከትያቸው መንገዱን ተሻገርኩ።