ክዳን በክዳን ላይ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ጋራዥ ባስገባ መካኒኩ አንድ የተሰነጠቀ ጥቁር ፕላስቲክ እጄ ላይ አኖረልኝ። የታይሚንግ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ክዳን ነው። የሞተሩ ሙቀት ገና አለቀቀውም፤ ጎማና የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። «አሮጌውን ልጣለው?» አለኝ። ስባሪውን አገላብጬ ማየት ያዝኩ። «ሴትዮዋ ስለ ወጪው እያሰበች ነው» ብሎ ይሆናል፤ እኔ ግን ጀጎል ውስጥ፣ የልጅነት ቤታችን ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

ምን ልበላችሁ፣ የኛ መንገድ መንገድም አይባል። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ታጥፎ በኖራ በተቀቡ ግንቦች መሃል ሽቅብ የሚወጣ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ ዳገት ነው። መኪና ሲያልፍ እግረኛ ግንቡ ላይ ይለጠፋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ነጩን ግንብ ስትመታው ዓይን አያስገልጥም፤ አባቴ ታክሲውን ይዞ ለምሳ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነበር።

ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት የሐረሪ እናት ይኖራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ታክሲዋ ቀድሞ የልጃቸው ነበረች። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ሊሠራ ሲነሳ ለአባቴ ሸጠለት። መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፤ ኋላ ወሬው ጠፋ። የቺንጋው ክዳን የተሰበረው በእሱ ጊዜ ነው። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ስባሪው እየተንቀጠቀጠ ጠርርር ይላል፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ግንቡ እየተቀበለው ከሩቅ ይሰማል። ልጁም በደህናው ጊዜ ለምሳ የሚመጣው በዚያው ድምፅ ነበር።

እማማ ያንን ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሩዙና የአብሽ መረቁ ተከድኖ ይጠብቃል። ከታች ጠርርር ሲል ፊታቸው ይበራል። «መጣ» ይላሉ፤ እጃቸውን የሚታጠቡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «እማማ፣ የሚመጣው እኮ አባቴ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ወላሂ! ዓይኔ እንጂ ልቤ ጠፋ አልኩሽ?» ብለው ሳቁብኝ። «መኪናው ያባትሽ ነው፤ ድምፁ ግን የልጄ ነው።»

ይሁንና የተሰበረ ክዳን መዘዝ አለው። ጠጠር ገብቶ ቺንጋውን ከበጠሰው ሞተሩ አለቀለት፤ ሞተሩ ካለቀ የኛም እንጀራ አብሮ አለቀ። የዚያን ጊዜው መካኒክ አባቴን ሲወተውተው ከርሞ በመጨረሻ አዲስ ክዳን ከድሬዳዋ አስመጥተው ገጠሙላት። አባቴ ያን ቀን እንደ ሙሽራ ኮርቶ ዳገቱን ወጣ። መኪናዋ ድመት ሆናለች፤ በራችን ላይ እስክትቆም እኔም አልሰማኋት።

እማማም አልሰሙም። አባቴ ምሳውን በልቶ፣ ጥቂት ጋደም ብሎ ሲወጣ ደጃፋቸው ላይ ናቸው፤ ሳህኑ እንደተከደነ ነው። «አንተ፣ ከመቼ መጣህ?» አሉት። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። በማግስቱ ጥሩንባ እየነፋ ገባ። «ጥሩንባማ ማንም ይነፋል» አሉ እማማ፣ ፊታቸውን ወደ ግንቡ መልሰው። ምሳው በእናቴ ልመና አንድ ሁለት ጉርሻ ይነካና ይመለሳል። እያየናቸው ከሱ።

አባቴ ነጭናጫ ነበር፤ ለአፉ ለከት የለውም። በዚያ ሰሞን ግን በወጣ በገባ ቁጥር ወደ እማማ ደጃፍ ያይ ነበር። ቅዳሜ አስከትሎኝ ጋራዥ ሄደና «አሮጌውን ክዳን መልስልኝ» አለው መካኒኩን።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ጠጠር ቢገባ እኮ...»

«አዲሱን አውልቅ መች አልኩህ? እሱ እንደጠበቀ ይሁን። አሮጌውን በላዩ በሽቦ እሰርልኝ።»

«ክዳን በክዳን ላይ? እንዴት አድርጌ?»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለ አባቴ።

ስባሪው ከጥግ፣ ከብረታ ብረቱ መሃል ተገኘ። መካኒኩ ሽቦውን ያጠብቃል፣ ሞተሩን ያስነሳል፤ አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ «ትንሽ አላላው» ይላል። «የሰው መኪና ድምፅ ሳጠፋ ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ ድምፅ ልግጠም?» እያለ መካኒኩ ራሱ በሳቅ ሞተ። ለምን እንደሆነ ሲነገረው ግን ሳቁን ተወና ሽቦውን እንደገና ፈቶ አሰረው።

ሰኞ ቀትር ላይ ከታች ጠርርር አለ። እማማ ቀና አሉ።

«ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አሉ። ቆይተው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ መጣ» ብለው የእጅ ውሃ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ውሃውን ሳፈስላቸው እንባዬ አብሮ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪው ሁሉ «ሹፌር፣ ሞተርህ ሊወድቅ ነው» ይለዋል። «አይወድቅም፣ እያወራ ነው» ይላል አባቴ። አሁን ሳስበው፣ አባቴን የዚያን ጊዜ ያህል የወደድኩት ጊዜ የለም።

በአንድ የክረምት ጠዋት እማማ ከእንቅልፋቸው አልነቁም። ከአባቴ ጋር ከከተማው ውጭ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ድረስ ሄደን ለዘመዶቻቸው አርድተን ተመለስን። ጀናዛቸው ገና ከቤት አልወጣም፤ ሴቶች እያጠቧቸው ነበር። ከዳገቱ ሥር ስንደርስ አባቴ ሞተሩን አጠፋ። የተበላሸብን መስሎኝ ዘወር ብዬ አየሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ውረጂ፣ እንግፋት» አለኝ። «መጣ ብለው እንዳይነሡ። አሁንስ ይረፉ።»

እሱ በመኪናዋና በግንቡ መሃል ተጣብቆ መሪውን በመስኮት ያዘ፤ እኔ ከኋላ ሆንኩ። ለቀብር የመጡ ወንዶች አዩንና፣ አንዳቸውም ምን ሆነች ብሎ ሳይጠይቅ መጥተው ትከሻቸውን ሰጡን። ዝናብ ያረጠበውን ዳገት ቀስ እያልን ወጣን። በእማማ በር ፊት ስናልፍ ሁሉም እርምጃውን አለዘበ።